ፍሽሽ!

መቼም ፒያሳ ያደገ ሰው መኪና ውስጥ ሲሞቀው መስኮት ከማውረድ ሌላ መላ አያውቅም። የእነዚያ ሰማያዊና ነጭ ፊያት ታክሲዎች ኤሲ መስኮታቸው ነበር። እኔ ኤሲ የሚባለውን ነገር በቅጡ ያየሁት በ1989 ዓ.ም.፣ አንድ ዘመዴ ድሬዳዋ የሚመላለስባትን መኪና ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ወደነበረ ጋራዥ ሲያስገባ ነው። መካኒኩ ቧንቧውን ላላ ሲያደርገው ፍሽሽ! ነጭ ጉም ወጣ። እጃችንን ሰደድን፣ ቀዘቀዘን፣ ሳቅን። (ጣታችን ሳይቃጠል መቅረቱም ዕድል ነው።)

ጋዙ አር-12 ይባላል። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች የዚህ ዓይነቱ ጋዝ ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ ጽፈው ያወጡት ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። አዎ፣ ደርግ በተቋቋመበት ዕለት! የዚያን ሰሞን አራዳ ስለ ሰማይ የሚያስብበት ፋታ አልነበረውም። ዓለም በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ተስማማ፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀበለች። ልብ በሉ፣ እኛ የሳቅነው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ፊርማውና ጋራዡ አልተዋወቁም። አር-12 አየር ላይ መቶ ዓመት ገደማ ይቆያል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የዚያን ቀን ጋዝ አብዛኛው ግን ዛሬም ከላያችን አለ።

በቅርቡ ደግሞ የራሴ መኪና ኤሲ ሰነፈ። ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ መካኒክ፣ ያው ፍሽሽ!

«ምነው ለቀቅኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ኦዞን አይነካም!»

እውነቱን ነው። አር-134ኤ ኦዞን አይበላም። ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ይበረታል፤ ግማሽ ኪሎ መልቀቅ ከ700 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው። ለዚህም ነው በ2009 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ የተወሰነው።

መላው ግን አለ። ማሽን አሮጌውን ጋዝ ይስበዋል፤ ዘይቱንና እርጥበቱን አጣርቶ ሲሊንደር ውስጥ ያኖረዋል። የሚያፈሰው ቦታ ተጠግኖ፣ ቱቦው በቫኩም ከደረቀ በኋላ ያው ጋዝ በግራም ተመዝኖ ይመለሳል። ሁለት ዓይነት ጋዝ ከተቀላቀለ ግን ጋራዥ ውስጥ ማጣራት አይቻልም።

መካኒኩ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። «ማሽኑን ብገዛ፣ ለሚፈጀው ሰዓት ስንት ይጨምሩልኛል?» አለኝ።

ሒሳቡን እንደ ወትሮው ከፍዬ ወጣሁ።