ኧርዝሲ (የተዋንያን ምርጫ ክርክር)

ኧርዝሲ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን (1929–2018) በ1968 ባሳተመችው ልብ ወለድ በስፋት የገለጸችው፣ ደሴቶች የሞሉበት ምናባዊ ዓለም ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌድ ወደ ቀይ የሚያደላ ጠይም ወጣት ሲሆን፣ ወዳጁ ቬች ከእሱም ይጠቁራል። ነጮቹ ከምሥራቅ እየመጡ የሚወርሩት ካርጎች ናቸው። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው፤ በዘመኑ የነበረው የምናብ ድርሰት ጀግና በአብዛኛው ነጭ ነበርና። የሽፋን ሠዓሊዎች ግን ጌድን ደጋግመው ነጭ አድርገው ሥለውታል።

ክርክሩ የገነፈለው በታኅሣሥ 2004 ሳይ ፋይ ቻናል በኧርዝሲ ላይ የተመሠረተ ባለ ሁለት ክፍል የቴሌቪዥን ፊልም ባሳየ ጊዜ ነው። ጌድን የተጫወተው ነጩ ካናዳዊ ሾን አሽሞር ነበር፤ ከታወቁት ተዋንያን ጥቁሩ ዳኒ ግለቨር የጌድን መምህር የኦጊዮንን ቦታ ያዘ። ለ ግዊን ስሌት በተባለው መጽሔት ላይ ፊልሙ ዓለሟን እንዳነጣው፣ በአማካሪነት ብትፈርምም ሐሳቧ እንዳልተጠየቀ ጻፈች። ቅሬታዋ ተገቢ ነው፤ የቆዳው ቀለም የታሪኩ አካል እንጂ ጌጥ አልነበረም።

አንባቢዎች ሌላም ስሕተት ያነሣሉ። በመጽሐፉ እውነተኛ ስምን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ኃይል ስለሚኖረው ስሙ በምስጢር ይጠበቃል፤ የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር ሰው ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፊልሙ ግን የጌድን መጠሪያና እውነተኛ ስም አቀያየረ።

በ2006 የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ በጎሮ ሚያዛኪ አዘጋጅነት በኧርዝሲ ላይ የተመሠረተ የአኒሜሽን ፊልም አወጣ። ለ ግዊን የሥዕሉን ውበት አድንቃ በታሪኩ ግን አልረካችም።