ቅቤ፣ ፍሬና የፍቅረኞች ቀን

በ1596 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ በታተመ አንድ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ለወንድም ለሴትም ወኔ ይሰጣል የተባለ የታርት አሠራር ሰፍሯል። መጽሐፉን ለቤት እመቤቶች ያዘጋጀው ቶማስ ዶውሰን ይባላል። ወኔ ያለው የጦር ሜዳውን አይደለም፤ የባልና ሚስትን ነው። የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር ከኩዊንስ ይጀምራል። ኩዊንስ የፖም ዘመድ የሆነ ቢጫ ፍሬ ነው፤ ሽታው ቤት ያውዳል፣ ጥሬውን ሲነክሱት ግን አፍ ያስራል። ሁለት ኩዊንስ ከእጽ ሥሮችና በዚያ ዘመን ብርቅ ከነበረ ድንች ጋር በወይን ጠጅ እስኪበስሉ ይቀቀላሉ። ከዚያ ቴምር፣ የስምንት እንቁላል አስኳል፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ የጽጌረዳ ውሃ ይከተላል። የሦስት ወይም የአራት አውራ ድንቢጦች አንጎልም ይጨመራል። ድብልቁ በሁለት ሳህን መካከል ሆኖ በከሰል ፍም ላይ እስኪረጋ ይበስላል።

የድንቢጡን ነገር ለዘመኑ እንተውለት። እኔን የሳበኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሌላ አሠራር ነው። ዶውሰን የቅቤ ሊጥ ብሎ የሚያስተምረው ዱቄትን በእንቁላልና በውሃ ወይም በጽጌረዳ ውሃ ካቦኩ በኋላ በመዳመጫ መዳመጥ፣ ቀዝቃዛ ቅቤ ማኖር፣ ማጠፍ፣ እንደገና መዳመጥ፣ ይህንንም አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም ነው። ዛሬ ፓፍ ፔስትሪ የምንለው ንብርብር ሊጥ ማለት ይኸው ነው። የፍቅር ነው የተባለው ፍሬና ንብርብሩ ሊጥ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በአንድ የቤት እመቤቶች መጽሐፍ ውስጥ ጎረቤት ነበሩ።

ኩዊንስን ከጋብቻ ጋር ያገናኘው ዶውሰን አልነበረም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚነግረን፣ የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን ሙሽራ ወደ ጫጉላ ክፍሏ ከመግባቷ በፊት ኩዊንስ እንድትቀምስ ደንግጎ ነበር። ሽታውና ጣዕሙ የመጀመሪያውን ንግግር ያጣፍጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ቸኮላት ለአውሮፓ ገና ሳይታወቅ ፍሬ ለሁለት ሺህ ዓመት የፍቅረኞች ምግብ ሆኖ ኖሯል።

በዓሉ ራሱ ግን የኋላ ኋላ ነው የመጣው። ቫለንታይን በሚል ስም ከአንድ በላይ ሰማዕታት ይታወሳሉ። ስለ ሕይወታቸው በእርግጠኝነት የሚታወቀው በጣም ጥቂት በመሆኑ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1969 በዓሉን ከአጠቃላይ የቀን መቁጠሪያዋ አውጥታዋለች። ቀኑን ከፍቅር ጋር ካስተሳሰሩት ቀደምት ጽሑፎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ስለ ወፎች ጉባኤ የሚያወራ ረጅም ግጥም ነው። በግጥሙ ወፎች በቫለንታይን ቀን ተሰብስበው የትዳር ጓደኛቸውን ይመርጣሉ። በ1415 በአዠንኩር ጦርነት ተማርኮ ሩብ ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ በግዞት የኖረው ፈረንሳዊ መስፍን፣ ሻርል ዶርሌያንም ስለዚሁ ቀን ገጥሟል። በ1660ዎቹ የለንደኑ ባለ ማስታወሻ ሳሙኤል ፒፕስ ለቫለንታይን ጓንት ገዝቶ ስለመስጠቱ ጽፏል። ልማዱ ከቤተ መንግሥት ወደ ከተሜው ቤት የወረደው እንዲህ እያለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት ነገር አለ። ፌብሩዋሪ 14 በእንግሊዝም በፈረንሳይም ዛፉ ራቁቱን የቆመበት ወቅት ነው። ለፍቅረኛዋ ፍሬ ያለበት ነገር ልትጋግር የፈለገች ሴት በዚያ ሰሞን ከዛፍ የምትቀጥፈው የላትም። በቆጥ ላይ በገለባ ተሸፍኖ የከረመ ፖም፣ በስኳር ተነጥሮ በሣጥን የተቀመጠ ኩዊንስ፣ የደረቀ ፕለምና ዘቢብ ነው ያላት። ስለዚህ በየካቲት የሚቀርበው ጣፋጭ በመከር ወራት የታሰበበት ነበር ማለት ነው። እኔ የዚህን ጋገራ ታሪክ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ያለው ፍሬ የወራት፣ ሊጡ ደግሞ የሰዓታት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዱም በችኮላ አይሆንም።

ስለ ሊጡ አጀማመር የሚወራው ታሪክ እውነት አይደለም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በምግብ መጻሕፍት ይደጋገማል። ተረቱ ፈልሳፊ የሚያደርገው ክሎድ ሎሬንን ነው። በመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ ዝነኛ የሆነው ይህ ፈረንሳዊ በልጅነቱ የጋጋሪ ረዳት ነበር፤ ለታመመ አባቱ ዳቦ ሊጋግር ሲል ቅቤ በሊጥ ጠቅልሎ በአጋጣሚ ንብርብሩን አገኘው ይባላል። ሎሬን የተወለደው ግን በ1600 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የዶውሰን መጽሐፍ ታትሟል። ልጁ ገና ድክ ድክ በሚልበት ዘመን ሂዩ ፕላት ለሴቶች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ሊጥ አስተምሯል። በ1607 እና በ1611 በስፔን የታተሙት የዶሚንጎ ኧርናንዴዝ ዴ ማሴራስና የንጉሡ ምግብ አብሳይ የፍራንሲስኮ ማርቲኔዝ ሞቲኞ መጻሕፍትም ንብርብሩን ሊጥ ያውቁታል። በ1615 ደግሞ ጀርቬዝ ማርካም ለእንግሊዛውያን የቤት እመቤቶች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞታል።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሙስሊሞች ይተዳደር ከነበረው የስፔን ክፍል፣ ከአንዳሉስ፣ የተረፈ በአረብኛ የተጻፈ የምግብ መጽሐፍ እናገኛለን። እዚያ ሊጥ በስሱ ተዘርግቶ ቅቤ ይቀባል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይዘረጋል፤ ሲበስል እንደ ቅጠል ይነባበራል። ስለዚህ ይህን ሊጥ አንድ ሰው በአንድ ቀን አልፈለሰፈውም። የሜዲትራኒያን ማዕድ ቤቶች ለዘመናት ሲቀባበሉት ነው የኖሩት። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል የእንግሊዞቹ በግልጽ የተጻፉት ቤት ውስጥ ለሚጋግሩ ሴቶች መሆኑን ልብ ይሏል። ፓፍ ፔስትሪ የሆቴል ሙያ ነው፣ በቤት አይሞከርም የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

ወደ ባለሙያ እጅ የወሰዱት ፈረንሳዮች ናቸው። ምግብ አብሳዩ ላ ቫሬን በ1651 ያሳተመው መጽሐፍ የፈረንሳይን አበሳሰል አዲስ መልክ ሰጠው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማሪ አንቷን ካሬም መጣ። የፓሪስ ድሃ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የፈረንሳይ አብዮት በሚናጥበት ዘመን፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ሳለ፣ አባቱ ራስህን ቻል ብሎ ጎዳና ላይ ተወው። ልጁ ምግብ ቤት ተጠግቶ አደገ፣ ከዚያም በፓሌ ሮያል አቅራቢያ በነበረው በባዪ ኬክ ቤት ሙያውን ተማረ። በኋላ የነገሥታት ምግብ አብሳይ ሆነ። በ1815 ያሳተመው የጋገራ መጽሐፍ ንብርብሩን ሊጥ በጥብቅ ሥርዓት አስቀምጦታል። ዛሬም በጋገራ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው መሠረታዊ ደንብ በሦስት ማጠፍን ስድስት ጊዜ መድገም ነው። ሦስትን በራሱ ስድስት ጊዜ ብናበዛው 729 የቅቤ ንብር ይወጣል።

በፈረንሳይ ከዚህ ሊጥ ከሚሠሩት ሁሉ ለቤት የቀረበው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚታጠፈው የፖም ፔስትሪ ነው። በሳርት አውራጃ የምትገኘው ሴን ካሌ የተባለች ከተማ በየዓመቱ በዓል ታደርግለታለች። የከተማዋ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ወረርሽኝ ሕዝቡን ባስጨነቀበት ዘመን የግንቡ እመቤት ለድሆች ዱቄትና ፖም አከፋፈለች፤ እነርሱም ከዚያ ይህን ጋገሩ።

ታዲያ ፍሬው ከፍቅረኞች ቀን እንዴት ገሸሽ አለ? ኢንዱስትሪ ቀደመው። በ1840ዎቹ መጨረሻ ኤስተር ሃውላንድ የተባለች አሜሪካዊት በዳንቴል ወረቀት ያጌጡ የቫለንታይን ካርዶችን መሸጥ ጀመረች። በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካድበሪ ቸኮላትን በልብ ቅርጽ ሣጥን አሽጎ ለገበያ አቀረበ። ሣጥኑ ያማረ ነው፤ ቸኮላቱም ይጣፍጣል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ስጦታው ከሱቅ በደቂቃ የሚገዛ ሆነ። በእንግሊዟ ራትላንድ አውራጃ በቫለንታይን ሰሞን ኩራንት የሚባል ትንሽ ዘቢብ ያለባቸውን ዳቦዎች የመስጠት ልማድ ነበር። እንዲህ ያለው የየአካባቢው ልማድ ቀስ በቀስ ተረሳ።

በኛ አገር የካቲት 7 ግድም የአዲስ አበባ ወጣቶች ቀይ ይለብሳሉ፣ አበባ ሻጮችም ሥራ ይበዛባቸዋል። ከዝዋይ እና ከሆለታ እርሻዎች የተቆረጠው ጽጌረዳ በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይጎርፋል። ንብርብር ሊጥም ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ በጣሊያኖች ጋገራ በኩል ገብቶ፣ ክሬም በመሃሉ ይዞ፣ በፒያሳ ኬክ ቤቶች ለትውልድ ሲበላ ኖሯል። ቤታችን ገብቶ ግን ብዙም አላየሁትም። እንዲገባ እመኛለሁ፤ ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ ላስረዳ።

ለ500 ግራም ነጭ ዱቄት 10 ግራም ጨውና 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ሊጡ ብዙ አይታሽም፤ ከታሸ ይለጠጥና ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። 400 ግራም የገበታ ቅቤ በወረቀት መሃል ተዳምጦ አራት ማዕዘን ይደረጋል፣ ሊጡ እንደ ፖስታ ይጠቀልለዋል። ንጥር ቅቤ ለዚህ አይሆንም። የገበታ ቅቤ ከመቶ አሥራ ስድስት ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃና የሊጡ ውሃ በምድጃ ውስጥ እንፋሎት ሆነው እያንዳንዱን ንብር ወደ ላይ ይገፉታል፤ ቅቤው ደግሞ ንብሮቹ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ንጥሩ ውሃውን ከማንጠሪያው ድስት ላይ ትቶት መጥቷል፣ በክፍል ሙቀትም ቶሎ ይለሰልሳል።

ቅዝቃዜው የሁሉም ቁልፍ ነው። ሁለት ጊዜ አጥፎ ሠላሳ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ፣ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሁለት። ቅቤው ከቀለጠ ሊጡ ይጠጣውና ንብሩ ይጠፋል። የድሮ ጋጋሪዎች በእብነ በረድና በምድር ቤት ቅዝቃዜ ይታገሉበት የነበረውን ዛሬ የቤት ፍሪጅ ያቀለዋል። አሜሪካዊቷ የምግብ መጻሕፍት ደራሲ ጁልያ ቻይልድ ይህን ሊጥ በ1970 በወጣው መጽሐፏ ውስጥ ለቤት ጋጋሪዎች በሰፊው ስታብራራ ፍሪጁ በየቤቱ ገብቶላት ነበር።

ፍሬው መጀመሪያ መብሰል አለበት። የጨንቻ ፖም ተልጦ ተከትፎ በጥቂት ቅቤ፣ በስኳር፣ በሎሚና በቀረፋ ውሃው እስኪመጥ ድረስ ይበስልና ጨርሶ ይቀዘቅዛል። አናናስም እንዲሁ። እንጆሪ ከሆነ ወፍራም ማርማላታ ይሻላል። ጥሬ ፍሬ ውሃውን ምድጃ ውስጥ ሲለቅ ታችኛው ሊጥ ሳይበስል ይቀራል። ሊጡ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በስለታም ቢላ ይቆረጣል፤ ደነዝ ቢላ ጠርዙን ስለሚያጣብቀው አይነሳም። አንድ ማንኪያ ፍሬ መሃል ላይ ይደረጋል፣ ጠርዙ በውሃ ይርሳል፣ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል። እንቁላል ሲቀባ በተቆረጠው ጎን እንዳይፈስ መጠንቀቅ ነው፤ ከፈሰሰ እርሱም ያጣብቃል። ላዩ ላይ ለእንፋሎት መውጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበጣል። በ200 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ወርቃማ እስኪሆን ይቆያል። ከዚያ በፊት ማውጣት ልክ አይደለም፤ ውስጡ ገና ሊጥ ነው።

የፍቅረኞች ቀን በአንዳንድ ዓመት በቅበላ ሰሞን፣ በአንዳንዱም ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ይውላል። ለጾመኛ ቅቤው በጠጣር የአትክልት ማርጋሪን ይተካል፣ እንቁላሉም ቀርቶ በስኳር ውሃ ይቀባል። ይነሳል፤ ጣዕሙ ግን ከፍሬው ይመጣል፣ ስለዚህ ቀረፋና ሎሚ ጨመር ማድረግ ነው። የተቆረጠውን ትርፍራፊ ሊጥ ማድበልበል አይገባም፤ ንብሩ ይበላሻል። አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝቶ መዳመጥ፣ ስኳር መነስነስ፣ ከሁለቱም ጎን ወደ መሃል ጠቅልሎ በጣት ስፋት መቁረጥና በዚያው ምድጃ ማብሰል ይቻላል። ፈረንሳዮች ፓልሚዬ የሚሏቸው እነዚህ ብስኩቶች ሲበስሉ ይተረተሩና ራሳቸው የልብ ቅርጽ ይይዛሉ።