የመንትዮች ጥናት

የመንትዮች ጥናት በሰዎች ጠባይ፣ ጤናና የሕይወት ጉዞ ላይ ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር ውርስ፣ ምን ያህሉ ከአስተዳደግና ከአካባቢ እንደሚመጣ ለመለየት የሚያገለግል የምርምር ዘዴ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ (ተመሳሳይ) መንትዮች ዘረመላቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማንኛውም ወንድማማች ሰውን ከሰው ከሚለዩት ጂኖች የሚጋሩት በአማካይ ግማሹን ነው። በአንድ ጠባይ ወይም በሽታ ረገድ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይበልጥ ከተመሳሰሉ ውርስ ድርሻ እንዳለው ይገመታል።

ታሪክ

መንትዮችን ለዚህ ጥያቄ መመርመር የጀመረው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ሲሆን፣ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቡሻርድ ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ማጥናት ጀመረ። መነሻ የሆኑት በተወለዱ በአራተኛው ሳምንት ተለያይተው ኦሃዮ ውስጥ በሁለት ቤተሰብ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በአሳዳጊዎቻቸው ጂም ተብለው የተጠሩ ሲሆን የተገናኙት በ39 ዓመታቸው ነው። የጥናቱ ክብደት ግን በእንዲህ ዓይነት ግጥምጥሞሽ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ተሳታፊ 50 ሰዓት ያህል የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ያልፍ ነበር። ተለያይተው ያደጉት ተመሳሳይ መንትዮች በጠባይ መለኪያዎች አብረው ካደጉት ጋር የሚቀራረብ መመሳሰል አሳይተዋል።

ዋና ዋና ግኝቶች

ተግባቢነትን፣ ጭንቀታምነትንና ጥንቁቅነትን በመሰሉ ጠባዮች ላይ የውርስ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይገመታል። የዕድሜ ርዝመት ግን በውርስ የሚወሰነው በጥቂቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1900 በተወለዱ የዴንማርክ መንትዮች ላይ የውርስ ድርሻ ሩብ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

የመጀመሪያው የወር አበባ የሚታይበት ዕድሜ፣ ልጅ መውለድ የሚጀመርበት ጊዜና የልጆች ቁጥርም የውርስ አሻራ አለባቸው። ሆኖም በአውሮፓ የወር አበባ የሚጀምርበት ዕድሜ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በዓመታት ቀንሷል። በዚህ አጭር ጊዜ የሕዝቡ ዘረመል ያን ያህል ሊለወጥ ስለማይችል፣ ዋናው ምክንያት የአመጋገብና የጤና መሻሻል እንደሆነ ይታመናል።

ገደቦች

ተቺዎች ተመሳሳይ መንትዮችን ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ስለሚይዛቸው፣ የአካባቢ ውጤት እንደ ውርስ ሊቆጠር ይችላል ይላሉ። በተጨማሪም ተለያይተው ያደጉትን መንትዮች የሚያሳድጉ ቤተሰቦች በኑሮ ደረጃቸው ስለሚቀራረቡ የአካባቢ ድርሻ ካለው ያነሰ ሊመስል ይችላል። ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ የውርስ ድርሻ የሚገልጸው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን የሚታየውን ልዩነት እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ አለመሆኑ ነው። የአንድ ሰው ጠባይ ግማሹ ከጂን፣ ግማሹ ከአስተዳደግ ነው ማለት ስሕተት ነው።

የተወረሰ ነገር ሁሉ የማይለወጥ አይደለም። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው በሽታ ከወላጆች በሚወረስ የጂን ጉድለት ይመጣል። ነገር ግን ሕፃኑ እንደተወለደ በደም ምርመራ ተደርሶበት ፌኒልአላኒን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ ከተጀመረለት፣ ከባዱን የአእምሮ ጉዳት መከላከል ይቻላል።