ጸጥታው ከየት መጣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ በሚገኙ ክርስቲያናዊ ኮሌጆች የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች «የተመስጦ ጸሎት» ወደሚባል መርሐ ግብር ትጋበዙ ይሆናል። አስቀድማችሁ ታሪኩን ዕወቁ።

በማሳቹሴትስ ስፔንሰር በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ የካቶሊክ ገዳም አበምኔት የነበሩት ቶማስ ኪቲንግ፣ ብዙ ወጣቶች ክርስትናን ትተው ወደ ሩቅ ምሥራቅ እምነቶች መሄዳቸው አሳሰባቸው። በ1970ዎቹ የዜን ቡድሂዝም መምህር ጭምር በገዳሙ ተጋብዞ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 አባ ዊሊያም ሜኒንገር ከ14ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መጽሐፍ ተነሥተው ቀላል ሥርዓት አዘጋጁ፤ አንድ ቃል መርጦ ለ20 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ፣ አሳብ ሲበተን ወደ ቃሉ መመለስ። ዓላማው የራቁትን መመለስ ነበር።

ሆኖም ጥያቄ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቫቲካን በካርዲናል ራትዚንገር ፊርማ በወጣ ደብዳቤ፣ ከሌሎች ጠቃሚውን መውሰድን ጨርሳ ሳትከለክል፣ የዜንና የዮጋ ስልት ከክርስቲያናዊ ጸሎት ጋር እንዳይደባለቅ አስጠነቀቀች።

ለእኛ ጸጥታ እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በግእዝ ተተርጉመው አበው ሲማሯቸው ኖረዋል። ልዩነቱ ከዝምታው ሳይሆን በዝምታው ከምንጠራው ነው። መቁጠሪያ ይዘን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል፣ ቃሉ አሳብን ማሳረፊያ ስልት አይደለም፤ ለሚሰማን አምላክ የሚቀርብ ልመና ነው።

እንግዲህ ስትጋበዙ «የምንጠራው ማንን ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ መልሱንም ይዛችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።