የአየር ንብረት ለውጥ፤ መንስኤው፣ ጉዳቱና የአጥቢያ ደኖቻችን

የአየር ንብረት ማለት የአንድ አካባቢ ሙቀት፣ ዝናምና ነፋስ በብዙ ዓመታት የሚታወቅበት ጠባይ ነው። አንድ ክረምት ቢደርቅ ለውጥ መጣ አይባልም፤ ጠባዩ ራሱ ለዐሥርት ዓመታት ሲዛባ ግን የአየር ንብረት ለውጥ ይባላል።

መንስኤው

ዋናው ምክንያት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የጋዝ ቃጠሎ ነው። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን አምቆ ይይዛል። መጠኑ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በዚህ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ደን ሲመነጠርም ዛፉ ያከማቸው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል፤ ይህኛው በእኛም ደጅ የሚፈጸም ነው።

ጉዳቱ

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ስለ ዝናምና ስለ ዘር ትጸልያለች። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ ኑሮም በዝናም ላይ የቆመ ነው። ዝናሙ ሲዘገይ የተዘራው በቆሎ በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ በመከር ሲጥል የተሰጣው በርበሬ ይበሰብሳል። የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ዝናሙ ሲመጣ በኃይል ይወርዳል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው አፈርም በብርና በፈጣም ወንዞች ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሙቀት በሚጨምርባቸው ዓመታት ወባ ወደ ደጋው ከፍ እንደሚልም በሀገራችን በጥናት ታውቋል።

የአጥቢያ ደኖች

በጎጃም ገጠር ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ የሀገር በቀል ዛፍ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ዋንዛው የተረፉት በአባቶች ጥበቃ ነው። ሆኖም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ያደረጉት ጥናት ከብት በሚሰማራበት ደን ችግኝ እንደማይጸና አሳይቷል። አሮጌው ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ወራሽ ግን የለውም። በዚያው አካባቢ ካህናትና ምእመናን በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርተው ከብት እንዳይገባ ከልክለዋል።

ምን እናድርግ?

ለአዳም ገነትን የመንከባከብ አደራ ተሰጥቶት ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ዛፍ መትከል ብቻውን የዓለምን ሙቀት አያቆምም፤ የአጥቢያውን አፈር ግን ይይዛል፣ ምንጩንም ይጠብቃል። ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም ሰበካ ጉባኤያት ደናቸውን ቢያስከብሩ፣ በየክረምቱም የሀገር በቀል ችግኝ ቢያስተክሉ መልካም ነው። ባሕር ዛፍ ለአጥቢያው ገቢ ማስገኘቱ እውነት ነው፤ ቦታው ግን ከደኑ ውጭ ይሁን። አባቶች ያቆዩልንን ጥላ ለልጆቻችን ማቆየት የእኛ ተራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።