እንጀራ ነጣቂው እንጀራ ለማኝ ሲሆን
የቲያትር ቤት ኦርጋን ታሪክ

በእኛ አገር «ኦርጋን» ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው በሰርግ ድንኳንና በምሽት ክበብ ጥግ የሚቆመው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኪቦርድ ነው። አንድ ሰው ከኋላው ይቆማል፤ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጥሩንባውንም እሱው ያሰማል፤ ሌሊቱም በዚሁ ይነጋል። በእኛ አቆጣጠር በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ይህ መሣሪያ ከክበብ ክበብ ሲዛመት፣ በስድሳዎቹ አዲስ አበባን ያደመቁት ባለ ሳክስፎንና ባለ ትራምፔት ባንዶች እየተመናመኑ እንደሄዱ በዕድሜ የደረሰ ሰው አይዘነጋውም። ለአሥር ሰው ይከፈል የነበረው ለአንድ ሲከፈል ባለ ቤቱ ይደሰታል፤ ዘጠኙ ግን መሣሪያቸውን አቅፈው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ይህ ዕጣ በእኛ አልተጀመረም። ከእኛ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ የሲኒማ አዳራሾች ውስጥ፣ መጠኑ ቤት በሚያክል ሌላ ኦርጋን ተፈጽሞ ነበር። የዚያ ኦርጋን ታሪክ ግን እንጀራ በመንጠቅ አላበቃም። ነጣቂው በተራው ተነጠቀ፤ ከወደቀበትም ተነሥቶ ዛሬ ለሆስፒታል፣ ለአረጋውያን መጦሪያና ለሙት ልጆች ገንዘብ የሚለምን ሆነ። እንዴት ሆነ? ነገሩን ከሥሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የጀመረው ሮበርት ሆፕ ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1859 የተወለደው ይህ ሰው ሥራው የስልክ መሐንዲስነት ሲሆን ፍቅሩ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በመሠረቱ ወናፍና ዋሽንት ነው ማለት ይቻላል። ወናፉ አየር ይነፋል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲነካ አየሩ ወደ አንዱ ቧንቧ ይገባና ይጮኻል። ችግሩ ከቁልፉ እስከ ቧንቧው ድረስ ያለው ግንኙነት በእንጨትና በሽቦ መጎተቻ የተያያዘ በመሆኑ ተጫዋቹ ከቧንቧዎቹ ርቆ መቀመጥ አለመቻሉ ነበር። ሆፕ ጆንስ በስልክ ሥራ የለመደውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አመጣና ሁለቱን ለያያቸው። በርከንሄድ በምትባለው ከተማ፣ ራሱ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን፣ የቁልፎቹን ጠረጴዛ ውጭ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ በውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች አስጮኸ። ለዘመኑ ሰው ይህ ተአምር ነበር።

በ1903 ወደ አሜሪካ ተሻገረና አሳቡን አሰፋው። በድሮው ሥርዓት እያንዳንዱ የቁልፍ መደዳ የራሱ ቧንቧዎች ነበሩት። ሆፕ ጆንስ ግን አንዱ የቧንቧ ረድፍ በኤሌክትሪክ አማካይነት ለሁሉም መደዳ እንዲያገለግል አደረገ። በዚህም በጥቂት ረድፍ ብዙ ድምፅ ተገኘ። በዚያ ላይ እውነተኛ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ ደወልና ዛይሎፎን ጨመረበት። እነዚህ በሙሉ ከግድግዳ ጀርባ ባሉ ክፍሎች ተቀምጠው ባየር ግፊት ይመታሉ። የወፍ ዜማ፣ የባቡር ፉጨትና የፈረስ ኮቴ ሳይቀር ተሰናዳ። ለዚህ ሁሉ የሰጠው ስም «አንድ ሰው የሚጫወተው ኦርኬስትራ» የሚል ይዘት ያለው ነበር። ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገራል።

ሆፕ ጆንስ ግን በጥበብ እንጂ በንግድ አልተሳካለትም። ኩባንያው በ1910 ከሰረና የፈጠራ መብቱን በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በኖርዝ ቶናዋንዳ ከተማ የሚገኘው የዉርሊትዘር ፋብሪካ ገዛው። ከአዲሶቹ ጌቶቹም ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1914 ራሱን አጠፋ። የፈጠረው መሣሪያ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ አላየም።

ያጥለቀለቀው በድምፅ አልባው ፊልም ምክንያት ነው። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር እናውቃለን። ያ ሰይጣን ታዲያ ድዳ ነበር፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም። በአሜሪካ ታላላቅ አዳራሾች ዝምታውን የሚሞላው ከመድረኩ በታች የሚቀመጥ ኦርኬስትራ ነበር። ባለ ሲኒማ ቤቶች ሒሳቡን ሲያሰሉት፣ ለሃያ ሙዚቀኛ ሳምንታዊ ደመወዝ ከመክፈል አንድ ዉርሊትዘር ገዝቶ አንድ ተጫዋች መቅጠር እንደሚያዋጣ አዩ። ፋብሪካው ከ1910ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ከ2,200 በላይ የቲያትር ኦርጋን ሠርቶ ሸጠ። ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሩት ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ከፊልሙ ተዋናይ ያላነሰ ዝና አገኘ፤ በኒው ዮርክ የፓራማውንት ቲያትር ይጫወት የነበረው ጄሲ ክሮፎርድ «የኦርጋን ባለቅኔ» ተባለ። ያን ጊዜ ስለ ተሰናበቱት ቫዮሊን መቺዎች ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 1927 ላይ «የጃዝ ዘፋኙ» የሚባለው ፊልም ወጣ። ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ሲዘፍንና ሲናገር ተሰማ፤ ሰይጣኑ አንደበት አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሲኒማ ቤቶች ድምፅ ማጉያ ለመትከል ተሽቀዳደሙ። በ1929 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ። በሺህ የሚቆጠሩ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞችም፣ እነሱን የተኩት ኦርጋኒስቶችም በአንድ ላይ ሥራ ፈቱ። በ1930 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር በየጋዜጣው ማስታወቂያ እያወጣ፣ ስሜት የሌለው ሮቦት የሰውን ሙዚቃ ሊተካ ነው ሲል ሕዝቡን ተማጸነ። ሕዝቡ ግን የሚናገረውን ፊልም ወድዶት ነበር። ኦርጋኖቹ ይሸፈኑ ጀመር፤ ቆዳቸው ደረቀ፣ አይጥ ቧንቧቸው ውስጥ ጎጆ ሠራ።

በእንግሊዝ ነገሩ ትንሽ ተለየ። እዚያ ኦርጋኑ በሁለት ፊልሞች መካከል ባለው ዕረፍት ከወለሉ ሥር በሊፍት ብቅ እያለ ተመልካቹን ያዘፍን ነበርና ቶሎ አልተጣለም። በብላክፑል የባሕር ዳር ከተማ፣ በታወር የዳንስ አዳራሽ፣ ሬጂናልድ ዲክሰን የተባለው ሰው ከ1930 እስከ 1970 ድረስ 40 ዓመት ሙሉ ተጫውቷል። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወደ ባሕር የሚወርደው የፋብሪካ ሠራተኛ ትዝታው የዲክሰን ኦርጋን ነበር። መስከረም 1939 ጦርነት ሲታወጅና ቢቢሲ መደበኛ ዝግጅቶቹን ሲያጥፍ፣ የአየር ሰዓቱን በአብዛኛው የሞላው የካናዳ ተወላጁ ሳንዲ ማክፈርሰን ነው። ብቻውን ከኦርጋን ፊት ተቀምጦ፣ የፈራውን ሕዝብ ዜማ በዜማ ላይ እየደራረበ አብሮት አመሸ። ያ ኦርጋን በ1941 በጀርመን ቦምብ ወደመ።

ከጦርነቱ በኋላ ቴሌቪዥን መጣና ሲኒማ ቤቶቹ ራሳቸው መፍረስ ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚታጠፈው። ትርፍ የማያመጣውን ኦርጋን ነጋዴው ሲጥለው፣ አናጺው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ መምህሩና ጡረተኛው አነሡት። በ1955 በሎስ አንጀለስ ጥቂት ወዳጆች ተሰብስበው የአሜሪካን የቲያትር ኦርጋን ማኅበር መሠረቱ፤ በእንግሊዝም ተመሳሳይ ማኅበራት ቆሙ። አባላቱ ቅዳሜና እሑድ በደቦ ተሰብስበው ሊፈርስ ወደ ተቃረበ አዳራሽ ይሄዳሉ። ርዝመታቸው 5 ሜትር ከሚጠጋው አንሥቶ እርሳስ እስከሚያክሉት ድረስ ያሉትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ያወርዳሉ። የደረቀውን ቆዳ ይቀይራሉ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ይቀጥላሉ፣ ይቃኛሉ። ደመወዝ የለም፤ ሥራው ዓመታት ይፈጃል። ክሮፎርድ የተጫወተበት ባለ 36 ረድፉ የፓራማውንት ኦርጋን አዳራሹ ሲጠፋ እሱ ተርፎ፣ ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ ባለ የሕዝብ አዳራሽ በ1972 እንደገና ድምፁን ያሰማው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጥረት ነው።

ኦርጋኑ ራሱ አዳራሹን ያዳነበትም ጊዜ አለ። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በኮለምበስ፣ በ1928 የተሠራው ኦሃዮ ቲያትር በ1969 ሊዘጋና ሊፈርስ ተቆረጠ። ለስንብት ተብሎ የኦርጋን ኮንሰርት ሲዘጋጅ፣ በወጣትነቱ እዚያው ይጫወት የነበረው ኦርጋኒስት ተመልሶ ተቀመጠበት። ለቀብር የመጣው ሕዝብ አልቀብርም አለ። የከተማው ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ሕንፃውን ገዙት። ዛሬም አዳራሹ ቆሟል፤ ኦርጋኑም በተተከለበት ቦታ ይጫወታል።

እንግዲህ በሕዝብ መዋጮ የዳነ ዕቃ ለሕዝብ መዋጮ መሰብሰቢያ መሆኑ የማይቀር ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች ይህ ዓይነቱ ኮንሰርት የተለመደ ነው። ማኅበሩ አዳራሹንና ኦርጋኑን ያቀርባል። ተጫዋቹ ዋጋውን ቀንሶ ወይም በነፃ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የቻርሊ ቻፕሊን ወይም የበስተር ኪተን ድምፅ አልባ ፊልም ይታይና ኦርጋኑ እንደ ድሮው ያጅበዋል። በዕረፍት ሻይ ይሸጣል፣ የዕጣ ቲኬት ይዞራል። ወጪው ተቀንሶ የቀረው ገንዘብ ለአካባቢው ሆስፒታል፣ ለሕሙማን መጽናኛ ቤት ወይም ለድኾች ምግብ ማከማቻ ይሰጣል። ከዚህ ከፍ ያለም አለ። በቺካጎ አጠገብ ባሪንግተን በምትባል ስፍራ፣ በለውዝ ንግድ የከበረው ጃስፐር ሳንፊሊፖ በመኖሪያው ባሠራው አዳራሽ ባለ 80 ረድፍ ዉርሊትዘር ተክሏል። መነሻው በ1927 በኦማሃ ከተማ ለነበረ ሲኒማ ቤት የተሠራ ኦርጋን ነው። ሳንፊሊፖ በ2020 ዓረፈ፤ በስሙ የቆመው ድርጅት አዳራሹን ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲያውል ኖሯል።

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፦ «ኦርጋኑን ለመጠገን የሚፈሰው ገንዘብና ጉልበት በቀጥታ ለድኻው ቢሰጥ አይሻልም ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ በሒሳብ ብቻ ከሄድንም መልስ የለውም። የትንሽ ከተማ ኮንሰርት ገቢ ሆስፒታል አይሠራም። ነገር ግን እኛ የእድርና የማኅበር ልጆች ይህን ለመረዳት አይከብደንም። ጽዋ የሚጠጣው ስለ ጠላው ብቻ አይደለም። ሰው አብሮ ሲቀመጥ ማን እንደጎደለ ያያል፤ ማን እንደታመመ ይሰማል፤ እጁም ወደ ኪሱ ይገባል። ብቻውን ቤቱ ለተቀመጠ ሰው «ስጥ» ቢሉት የሚሰጥ ጥቂቱ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ቆዳ ቀያሪዎቹ አርጅተዋል፣ አድማጩም ሸብቷል። ወጣት ካልተተካ ኦርጋኖቹ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ያን ጊዜ የሚያነሣቸው አይኖርም።

ከቁልፍ መሣሪያ ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ማውጣትን የእኛም አገር ያውቀዋል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1967 በጀርመን ያሳተሙት የፒያኖ ሸክላ ገቢው ለወላጅ አልባ ሕፃናት እንዲውል ነበር። መነኩሲቷ መጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ ሸክላው ግን ዛሬም ይሰማል። እሳቸው ኦርኬስትራ የሚተካ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ አንድ ፒያኖና አሥር ጣት ብቻ ነበራቸው።

ከፊታችን ቅዳሜ ሰርግ የምንጠራ ብዙዎች ነን። በድንኳኑ ጥግ ኪቦርድ የሚመታውን ልጅ ስናይ፣ ስለ ዘጠኙ ባለ ጥሩንባዎች ማዘናችን ተገቢ ነው። ነገ ደግሞ ለእሱም ተራው ይደርሳል፤ ሥራውን የሚወስድበት መሣሪያ በስልካችን ውስጥ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ኪቦርዱን ከአቧራ የሚያነሣለት ነጋዴ አይሆንም። ቅዳሜና እሑድ በደቦ የሚመጣ ወዳጅ ካለው ግን እሱም፣ መሣሪያውም ለሌላው የሚተርፉበት ቀን ይኖራል።