መኪና ሲገዛ ከቅርፁ በፊት ሞተሩና ካምቢዮው ይመርመር

መኪና መግዛት ለብዙ የከተማ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ የሚመጣ ከፍተኛ ወጪ ነው፡፡ ለዓመታት የተጠራቀመ ቁጠባ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚከፈል የባንክ ብድር የሚፈስበት በመሆኑ፣ ምርጫው በጥንቃቄ ካልተደረገ ጉዳቱ በቀላሉ የሚታረም አይሆንም፡፡ ይሁን እንጂ በመኪና መሸጫዎች የገዢውን ዓይን ቀድሞ የሚስበው የአካሉ ቅርፅ፣ የቀለሙ ድምቀትና የመብራቱ ውበት ነው፡፡ ስለ ሞተሩ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ሲሲ ነው?» ከሚለው አያልፍም፡፡ ካምቢዮውም «ማንዋል ነው ወይስ አውቶማቲክ?» ተብሎ ይታለፋል፡፡

በኢትዮጵያ መንገዶች የሚሽከረከር መኪና ግን የሚፈተነው በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፡፡ ከከተማዋ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ አሽከርካሪ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል፡፡ በመሆኑም መኪና የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ ካምቢዮውን፣ በመጨረሻም ቅርፁን ቢያወዳድር ገንዘቡንም ሕይወቱንም ይጠብቃል፡፡

የገበያው ሁኔታ

በአገሪቱ የመኪና ምርጫን ለረጅም ዓመታት ሲወስን የቆየው የታክስ ሥርዓቱ ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተራቸው እስከ 1 ሺህ 300 ሲሲ በሆነ አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1 ሺህ 800 ሲሲ በሆኑት ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባሉት ላይ ደግሞ 100 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር፡፡ ቪትዝና ባለ 1 ነጥብ 3 ሊትር ኮሮላ በከተሞች የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ ደግሞ በአነስተኛ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ የነበረውን ታክስ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፡፡

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ሁኔታው እንደገና ተለውጧል፡፡ አዲስ መኪና የሚፈልግ ገዢ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያዞር፣ የነዳጅ መኪና የሚመርጠው ደግሞ ቀደም ብለው ከገቡት መካከል ለመምረጥ ይገደዳል፡፡ በዚህም ምክንያት የሞተርና የካምቢዮ ዓይነቶችን ለይቶ ማወቅ ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፡፡

ሞተር፡- ጉልበት በደጋ አየር

ሞተር ነዳጅ ለማቃጠል አየር ያስፈልገዋል፡፡ ከፍታ ሲጨምር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፡፡ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል፡፡ ይህም ማለት በአዲስ አበባ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጎድላል ማለት ነው፡፡ ለምሳሌ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ በፋብሪካው መግለጫ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲኖረው፣ በመዲናዋ አየር የሚቀርለት 55 ገደማ ነው፡፡ ለከተማ ውስጥ ምልልስ ይህ በቂ ነው፡፡ አምስት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ቤተሰብ ግን በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ የሚወጣ መኪና ይሆናል፡፡

ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል፡፡ ቱርቦው ግን ንጹሕ ዘይት በወቅቱ ይፈልጋል፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜውን የሚያሳልፍ ባለቤት ውድ ለሆነ ጥገና ይጋለጣል፡፡

የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ የመጎተት ኃይል ስለሚሰጥ ለጭነትና ለረጅም ጉዞ ተመራጭ ነው፡፡ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት ባለ 2 ነጥብ 4 እና ባለ 2 ነጥብ 8 ሊትር የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ባለ ቱርቦ በመሆናቸው በከፍታ ቦታ የሚያጡት ጉልበት አነስተኛ ነው፡፡ በሌላ በኩል የዘመናዊ ናፍጣ ሞተር የነዳጅ መርጫዎች ቆሻሻና ውኃ ያለበትን ነዳጅ አይችሉም፡፡ የጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው ደግሞ በአጫጭር የከተማ ጉዞ ብቻ ሲነዱ ማጣሪያቸው ይደፈናል፡፡ ስለዚህ ከቤት ወደ ሥራ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚመላለስ ሰው ናፍጣ መግዛት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፡፡

ካምቢዮ፡- ቁልቁለት የሚፈትነው ክፍል

ማንዋል ካምቢዮ አሠራሩ ቀላል፣ ጥገናውም በየከተማው በሚገኙ ጋራዦች የሚከናወን ነው፡፡ አሽከርካሪው ማርሹን በራሱ ስለሚመርጥ በዳገትና በቁልቁለት ላይ ሙሉ ቁጥጥር ይኖረዋል፡፡ ጉድለቱ በከተማ ይታያል፡፡ በተጨናነቀ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናውን ይዞ መቆየት የፍሪሲዮኑን ሸራ በአጭር ጊዜ ይበላዋል፡፡

የተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ ኃይልን ከሞተር የሚያስተላልፈው በዘይት ግፊት ስለሆነ በመጨናነቅ ውስጥ እግርን ያሳርፋል፤ በዳገት ላይም ሳይንሸራተት ይነሳል፡፡ ሆኖም ቀደም ሲል የተሠሩት ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ከማንዋል የበለጠ ነዳጅ ይወስዳሉ፡፡ የካምቢዮው ዘይት በጊዜው ካልተቀየረም ጥገናው ከባድ ወጪ ያስከትላል፡፡

ሲቪቲ በመባል የሚታወቀው ካምቢዮ በማርሽ ፈንታ በሁለት ፑሌዎችና በብረት ቀበቶ ይሠራል፡፡ ሞተሩ ዘወትር በሚስማማው ዙር እንዲሠራ ስለሚያደርግ በከተማ ነዳጅ ይቆጥባል፡፡ ነገር ግን ለእርሱ ተብሎ ከተዘጋጀው ዘይት ሌላ አይቀበልም፤ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣም ይሞቃል፡፡ አንዳንድ ሱዙኪ ዲዛየር ሞዴሎች ላይ የሚገኘው ኤኤምቲ ደግሞ በመሠረቱ ማንዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚሠራ ነው፡፡ ዋጋውና የነዳጅ ፍጆታው ዝቅተኛ ቢሆንም ማርሽ ሲቀይር መንገጫገጭ አለው፡፡ በዳገት ላይ መኪናውን በነዳጅ መስጫ ሳይሆን በፍሬን ይዞ መቆም ይገባል፡፡

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የቁልቁለት ጉዳይ ነው፡፡ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ በማሰብ ማርሽ ፈትተው በፎሌ ይወርዳሉ፡፡ ይህ ልማድ ሁለት ጊዜ ያከስራል፡፡ በኮምፒዩተር የሚመራ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል፡፡ ከዚህ የከፋው አደጋው ነው፡፡ የመኪናው ክብደት በሙሉ በፍሬን ላይ ስለሚወድቅ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ይፈላል፡፡ በመጨረሻ ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው አይቆምም፡፡ ብዙ ጊዜ «ፍሬን ተበጠሰ» ተብሎ የሚነገረው አደጋ በፍሬን መጋል የተነሳ ሊሆን ይችላል፡፡

ስለሆነም አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው ዝቅተኛ ማርሽን አስሮ የሚይዝ ምልክት ካምቢዮው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡ በሞዴሉ መሠረት ይህ «2»፣ «ኤል»፣ «ቢ» ወይም «ኤም» በሚሉ ምልክቶች ይገለጻል፡፡ ዓባይ በረሃን የመሰለ ቁልቁለት የሚወረደው በእነዚህ ነው፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና፡- ሌላ ዓይነት ስሌት

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም፡፡ ማርሽ መቀየርም አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ ባለ አንድ ማርሽ ናቸው፡፡ በቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፡፡ እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ይህ የመያዝ ኃይል የሚቀንስ መሆኑ ነው፡፡ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አለመሙላት ይመከራል፡፡

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሞተሩን ሲሲ ተክቶ የሚጠየቀው የባትሪው መጠን ነው፡፡ በ2023 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቢዋይዲ ሲጋል ለምሳሌ ባለ 30 እና ባለ 38 ነጥብ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ሆኖ ተሠርቷል፡፡ በቻይና የሙከራ መለኪያ መሠረትም 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፡፡ ይህ መለኪያ ለከተማ አነዳድ የሚያደላ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ከዚያ ያነሰ ርቀት ሊጠብቅ ይገባል፡፡ በተጨማሪም ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የፈጣን ቻርጅ ሶኬታቸው ከአውሮፓው የተለየ ነው፡፡ የመኪናው ሶኬት በአቅራቢያው ካለው የቻርጅ ጣቢያ ጋር መግጠሙ፣ የመኪናው ስክሪንም ባለቤቱ በሚረዳው ቋንቋ መሥራቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መታየት አለበት፡፡ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ደግሞ መኪናውን ሌሊት ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ፡፡

ቅርፅ፡- ከውበት ያለፈ ጥቅም

ቅርፅ የመጨረሻ ይሁን ሲባል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፡፡ ከፍ ያለ መስሎ የሚታይ መኪና ሁሉ ከፍ ያለ አይደለም፡፡ በርካታ የጂፕ ቅርፅ ያላቸው አዳዲስ ሞዴሎች በፊት እግር ብቻ የሚጎተቱ ናቸው፤ ሆዳቸውም ለመሬት የቀረበ ነው፡፡ ገዢው በሜትር ለክቶ ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን ከፍታ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል፡፡ በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ባትሪው በአብዛኛው በመኪናው ሆድ ሥር ስለሚቀመጥ በድንጋይ ወይም በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲመታ ጉዳቱ ከፍተኛ ይሆናል፡፡

ትላልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ለዓይን ይማርካል፤ ጉድጓድ ሲገባ ግን ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማውም ይቀደዳል፡፡ በኮብልስቶን ለሚመላለስ ሰው ወፈር ያለ ጎማ ያለው አነስተኛ ቸርኬ ይሻላል፡፡ እንዲሁም ጠባብ የኋላ መስታወት ያላቸው ቅርፆች በጠባብ ሰፈር ውስጥ ወደ ኋላ ለመሄድ ያስቸግራሉ፡፡ ሕፃናት በሚጫወቱበት መንደር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፡፡

ከክፍያ በፊት የሚደረግ ሙከራ

መኪናን በሜዳ ላይ ነድቶ መወሰን አይበቃም፡፡ ገዢው ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ሰው አሳፍሮ ዳገት ላይ ማቆም፣ ከቆመበት ማስነሳት፣ ከዚያም ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይኖርበታል፡፡ ዳገት ላይ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ ማርሽ ሲቀይር የሚዘገይ ወይም የሚመታ መኪና ለገለልተኛ መካኒክ ሳይታይ መገዛት የለበትም፡፡ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነም የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ይለካ፡፡ የመለዋወጫ ዕቃው በአገር ውስጥ መገኘቱንም በቃል ሳይሆን መደብር ድረስ ሄዶ ዋጋውን በመጠየቅ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፡፡

የመኪና ቀለም በጊዜ ይደበዝዛል፤ ዛሬ አዲስ የመሰለ ቅርፅም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃል፡፡ ዳገቱና ቁልቁለቱ ግን ባለቤቱን በየዕለቱ ይጠብቁታል፡፡ ገዢው የሚመላለስበትን መንገድ፣ የሚጭነውን ሰው ብዛትና የጥገና አቅሙን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስፍሮ ወደ ገበያ ቢወጣ፣ ከሻጩ ማግባባት ይልቅ የራሱን ፍላጎት ተከትሎ ለመወሰን ይችላል፡፡